መኪናው ተሸጠ፤ ኢንሹራንሱስ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ቪትዜን ስሸጥ ገዢው ወደ ደጀን ሊነዳት ቸኩሎ ነበር። መስታወቷ ላይ የተለጠፈውን የሶስተኛ ወገን መድን (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው) ስቲከር አየና «ይሄስ?» አለኝ። ሁለት መንገድ አለ።

ማዛወር፦ ቀሪዎቹን ወራት ዋጋው ላይ ጨምረህ ትደራደራለህ። ግን የመድን ኩባንያው ማወቅ አለበት። የሽያጭ ውሉን ይዛችሁ ሁለታችሁም ብትሄዱ ይሻላል። ዝም ብሎ «ውሰደው» ማለት ጣጣ አለው። ሊብሬውም ፖሊሲውም (የመድን ውሉ) በአንተ ስም እያለ አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለአንተ ነው።

ማሰረዝ፦ ብር ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን በቀሪው ቀን ልክ ሳይሆን ተቆራርጦ ነው። ደግሞ ሕጉ ያለ ሶስተኛ ወገን መድን መንዳትን ይከለክላል። ስለዚህ ገዢው የራሱን ሳይገባ አታሰርዝ።

ሙሉ ኢንሹራንስ (የራስህን መኪና ጉዳትም የሚሸፍነው) ከሆነ፣ ብዙ ወር ከቀረውና ገዢው ካልፈለገው ማሰረዙ ያዋጣል። ሶስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ አዛውረህ ተገላገል፤ ተመላሹ የባጃጅ ምልልሱን ላይሸፍን ይችላል። ሌላ መኪና ልትገዛ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ኢንሹራንሱን ወደ አዲሷ ያዞሩልህ እንደሆነ ጠይቅ።

እኔ አዛወርኩለት። ቀሪውን በምሳ አወራረድን።