ላንድክሩዘር 300ን አሸዋ ላይ ነድቼ ያየሁት

"300 እንዴት ነው? አሸዋ ይችላል?" የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። አንዳንዱ እዚሁ ሻርጃና ዱባይ ያለ ሾፌር ነው። አንዳንዱ አገር ቤት ቱሪስት የሚያመላልስ የድሮ ባልደረባዬ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ዘጠኝ ዓመት አፋር ውስጥ ነድቻለሁ። መኪናዬ ሃርድ ቶፕ የምንለው የድሮው ላንድክሩዘር ነበር። ሞተሩ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ። ከሐመድ ኢላ ወደ ኤርታሌ ስንሄድ አሸዋው ጋ ስንደርስ እወርዳለሁ። የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጄ አዞራለሁ። ከዚያ ፎር ዊል አስገባለሁ። አሁን ሻርጃ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነኝ። የቤቱ 300 ባለ 3.5 ሊትር ቤንዚን ነው፤ ሁለት ቱርቦ፣ 409 ፈረስ ጉልበት፣ አስር ማርሽ ኦቶማቲክ። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይስባል፤ ወርዶ መቆለፍ የሚባል ነገር የለም። እዚህ አርብ ሙሉ ቀን እረፍት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ የቤቱ ጎረምሶች ከአጎቶቻቸው ልጆች ጋር ወደ መሊሓ ይወጣሉ። እነሱ ኒሳን ፓትሮላቸውን ይዘው፣ እኔ 300ውን ይዤ። ሁለት ወቅት እንዲህ ሄጃለሁ።

መሊሓ ከሻርጃ ከተማ ወደ ምሥራቅ ነው። አሸዋው ቀይ ነው፤ ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ነው ያቀላው። ከአጠገቡ ያለው ፋያ፣ የጥንት ሰዎች አሻራ የተገኘበት ቦታ፣ በ2025 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ስለዚህ አጥር ካያችሁ አትግቡ፣ ዙሩ።

ወደ መኪናው ልግባ። ሞተሩ ለአሸዋ የተሠራ ነው የሚመስለው። ጎማ የሚያዞረው ሙሉ ኃይሉ (ቶርክ የሚሉት)፣ 650 ኒውተን ሜትር፣ ገና በደቂቃ ከ2000 ዙር ጀምሮ ይመጣል። ሃርድ ቶፑን ጉብታ ለማስወጣት ከሩቅ ተንደርድሬ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ማርሽ በትክክለኛዋ ሰኮንድ እቀይር ነበር። አንዲት ሰኮንድ ካመለጠችኝ እዚያው ቆመን እንቀራለን። 300ው ላይ እግሬን ጫን ሳደርግ ይወጣል። ኦቶማቲኩን ግን ዝም ብዬ አልለቀውም። አስር ማርሽ ስላለው ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ መቀየር ይወዳል፤ ጉብታ መሀል ላይ ማርሽ ሲቀይር ግስጋሴው ይሰበራል። ስለዚህ በእጅ መቀየሪያው ላይ አድርጌ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ እይዘዋለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቁልፎቹ ነው። የአሸዋ ሁነታ፣ የድንጋይ ሁነታ፣ የጭቃ ሁነታ። እኔ መጀመሪያ የምመልሰው ስለ ጎማ ንፋስ ነው። መኪናው ሁለት ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል። በአስፋልት ንፋስ፣ በ35 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ንፋስ መለኪያው ነው)፣ ልል አሸዋ ላይ ከገባችሁ ሃምሳ ሜትር ሳትሄዱ ይውጣችኋል። የትኛውም ቁልፍ አያድናችሁም።

አስፋልቱ ሲያልቅ እቆማለሁ። የጎማዎቹን ክዳኖች ፈትቼ ደረት ኪሴ ውስጥ እከታቸዋለሁ፤ አሸዋ ላይ የወደቀ ክዳን አይገኝም። እንብርክክ ብዬ አስተነፍሳለሁ። የጎማ ሽታና ሙቀት የጠገበ ንፋስ ፊቴን ይመታኛል። 20 ሲደርስ ጎማው ታችኛው ጎን ላይ ማበጥ ይጀምራል። 16 ላይ እንደ ግመል እግር ይተኛል። ግመል ስትረግጥ እግሯ ይንጣለላል እንጂ አይሰጥምም፤ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ጎማው ወደ ጎን የሰፋ ይመስለዋል። ይበልጥ የሚጨምረው ግን ርዝመቱ ነው፤ መሬት የሚነካው ክፍል እንደ ትራክተር ሰንሰለት ይረዝማል። አራቱም 16 ከሆኑ በኋላ ያው መኪና ሌላ መኪና ነው። መሪው ቀለል ይላል፣ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል።

እዚህ ላይ ለገዢ የምለው አለኝ። 300 በ18 ኢንች ቸርኬም በ20 ኢንች ቸርኬም ይመጣል። ባለ 20ው ያምራል፣ አልክድም። ግን ቁጥሩን አስሉት። 265/65 የሆነው የ18 ጎማ ጎኑ 172 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 265/55 የሆነው የ20 ጎማ 146 ብቻ ነው። ያቺ ሁለት ሴንቲ ተኩል አሸዋ ላይ ወርቅ ናት። የሚተኛው የጎማው ጎን ነዋ! የኛው መኪና ባለ 20 ስለሆነ ከ16 በታች አልወርድም፤ መሪ በኃይል ከጠመዘዝኩ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። አሸዋ ላይ የምትነዱበት ከሆነ ባለ 18ውን ግዙ። ሻጩ ባለ 20ው ላይ ቢያግባባችሁ እሺ እንዳትሉ።

ቀጥሎ የመንሸራተት መቆጣጠሪያው። አስፋልት ላይ ሕይወት ያድናል። ልል አሸዋ ላይ ግን ጎማ ትንሽ ሲሽከረከር አደጋ የመጣ መስሎት ጉልበቱን ይቆርጠዋል። ማጥፊያው አለ፤ መኪናው ቆሞ ከሦስት ሰኮንድ በላይ ተጭኖ መያዝ ነው። ነካ አድርጎ መልቀቅ ግማሹን ብቻ ነው የሚያጠፋው። ሌላም ነገር አለ። ሞተር አጥፍታችሁ ስታስነሱ ራሱ ተመልሶ ይበራል።

ይህን ያወቅኩት ከባድ ዋጋ ከፍዬ ነው። አንድ አርብ ጉብታ ጫፍ ላይ ቆመን ሻይ ጠጣን። ሞተር አጥፍቼ ነበር። ስንነሳ ቁልፉን ሳልጫን ወረድኩ፤ ቀጣዩን ጉብታ መውጣት ጀመርኩ። መሀል ላይ ጉልበቱ እልም አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ ምልክት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ያኔ እግሬን ማንሳት ነበረብኝ። እኔ ጨመርኩ። የኋላ ጎማዎቹ ቆፈሩ፤ በአምስት ሰኮንድ ውስጥ ሆዱ አሸዋ ላይ ተኛ።

ጎረምሶቹ ፓትሮሉን አዙረው ገመድ ሊያወጡ ሲሉ "ቆዩ፣ አንድ ነገር ልሞክር" አልኳቸው። መጀመሪያ ሆዱ ሥር ያለውን አሸዋ በአካፋ፣ አካፋው የማይደርስበትን በእጄ ጠረግኩ። ከጎማዎቹ ኋላ ያለውንም ጠረግኩ። ከተቀበረበት ለመውጣት ያህል ብቻ ጎማዎቹን ወደ 12 አወረድኩ፤ መሪውን ቀጥ አደረግኩ። ከዚያ ከባዱን፣ ዝግተኛውን የፎር ዊል ማርሽ አስገብቼ፣ የኋላ ማርሽ ላይ አድርጌ፣ ክሮል ኮንትሮል የሚሉትን አበራሁ። ይህ መኪናው ራሱ ነዳጅና ፍሬን እየሰጠ በኤሊ ፍጥነት የሚሄድበት ነው። ሁለቱንም እግሬን አነሳሁ። ከሥር ግርርር፣ ቋ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። የማያውቅ ሰው አንድ ነገር የተሰበረ ይመስለዋል። መኪናው ተንቀጠቀጠ። አንዱን ጎማ ትንሽ ያዞራል፣ ይይዘዋል፤ ሌላውን ያዞራል፣ ይይዘዋል። በመስኮት ጎንበስ ብዬ አየሁ። አሸዋው ከጎማው ሥር እየገባ እየተጠቀጠቀ ነው። መኪናው በጣት ውፍረት፣ ከዚያ በመዳፍ ውፍረት ከፍ አለ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ በራሱ ዱካ ወደ ታች ተንሸራቶ ወጣ። አፋር ውስጥ ስንቱን ቀን ፀሐይ ላይ ስንቆፍር እንደዋልን ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ማታ አፋር ላይ መንዳት ላስተማሩኝ ጋሼ ደወልኩላቸው። ነገሩን ሁሉ በዝርዝር ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "አንተ፣ ሆዱን ሳትጠርግ ብታበራው ይወጣ ነበር?" አሉኝ። አይወጣም። ሆዱ ከተኛ ጎማው የሚቆናጠጠው የለም። ክሮል ኮንትሮል ድንቅ ነው፣ አካፋውን ግን ቤት አትተዉት።

ሌላው ሌላው በአጭሩ። ኮፈኑ ረጅምና ከፍ ያለ ስለሆነ ጉብታ ጫፍ ላይ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው። ቀስ ካላችሁ የፊት ካሜራው ከጫፉ ማዶ ያለውን ያሳያል፤ ወድጄዋለሁ። መቀመጫው ወገቤን አላመመኝም። ቁልቁል ቀጥ ብላችሁ ውረዱ፣ በጎን አትጋደሙ፤ በኤሌክትሮኒክስም ቢሆን መኪና ይገለበጣል። ስትቆሙ ፍሬን አትርገጡ፣ ከጎማው ፊት አሸዋ ይከመራል። እግራችሁን አንሡና ራሱ ይቁም፤ አፍንጫው ቁልቁል ቢሆን ደግሞ ስትነሱ ይቀላችኋል። ብቻችሁን በፍጹም አትግቡ።

አንድ ያበሳጨኝ ነገር የመኪናው አይደለም። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ርካሽ ንፋስ መሙያ ሁለተኛው ጎማ ላይ ግሎ ቆመ። ሁለት ጎማ ሙሉ፣ ሁለት ጎማ ተንፍሶ፣ በዳር መስመር በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስከ ነዳጅ ማደያ ተጓዝኩ። የተነፈሰ ጎማ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል፣ ይፈነዳል። ጎረምሶቹ ከኋላዬ አደጋ መብራት አብርተው አጀቡኝ። አሁን በቀጥታ ከባትሪ የሚሠራ ባለ ሁለት ሲሊንደር ገዝቻለሁ። አራቱን ከ16 ወደ 35 እስኪሞላ እኔ ሻዬን ጠጥቼ እጨርሳለሁ።