የፊት ገጹ ላይ ማን ይውጣ፦ ሟቹ ወይስ ሐዘንተኛው?

ፕሬዚዳንት ፌሊፔ ካልዴሮን በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጦሩን በዕፅ ነጋዴዎች ላይ ካዘመቱ ወዲህ ይህ ጥያቄ የሜክሲኮን ጋዜጦች አልለቀቀም።

ጉልበት፦ የአስከሬን ፎቶ ወዲያው ያስደነግጣል። ሲደጋገም ግን ዓይን ይለምደዋል። የሐዘንተኛ ፎቶ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ከገባ ግን በቀላሉ አይወጣም።

ፍርድ፦ ስም የለሽ ሬሳ ያየ አንባቢ "እርስ በርስ ተባሉ" ብሎ ገጹን ይገልጣል። በ2014 እ.ኤ.አ. የተሰወሩት 43 የአዮትሲናፓ መምህራን ማሰልጠኛ ተማሪዎች ወላጆች ግን የልጆቻቸውን ጉርድ ፎቶ ይዘው አደባባይ ሲወጡ፣ እንዲህ ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

አደጋ፦ ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። ከድልድይ ላይ የተሰቀለ አስከሬን፣ አጠገቡ ማስፈራሪያ የተጻፈበት ጨርቅ። ይህ ትዕይንት ፎቶ እንዲነሳ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ያተመው ጋዜጣ ሳያስበው የገዳዩ ፖስተኛ ይሆናል። በ2011 እ.ኤ.አ. ብዙ የሜክሲኮ ሚዲያዎች የወንጀለኞች ፕሮፓጋንዳ ላለመሆን ተፈራረሙ። "ሬፎርማ" እና "ላ ሆርናዳ" የተባሉት ጋዜጦች አልፈረሙም። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ሬሳው ከገጹ ሲጠፋ ለመንግሥትም ይመቸዋላ! ሐዘንተኛውም ቢሆን ፊቱ ከታየ ሊታደን ይችላል።

ወጪ፦ የአስከሬኑ ፎቶ በደቂቃዎች ይነሳል። የሐዘንተኛው ጊዜና መተማመን ይጠይቃል።

ባለሥልጣን ግድያውን ከካደ ወይም ካድበሰበሰ፣ አስከሬኑ ማስረጃ ነውና ይታይ። ትዕይንቱን ገዳዩ ራሱ ካሰናዳው ሐዘንተኛው ይቅደም፤ እሱም ከፈቀደ ብቻ።