የጥገና መመሪያ፦ ኮሚክ ወይስ ደረቅ ጽሑፍ?

ድሬዳዋ ያሉ መካኒክ ጓደኞቼ መመሪያ ሲባል የሚታያቸው ጽሑፍና ሰንጠረዥ ብቻ ነው። የአሜሪካ ጦር ግን እ.ኤ.አ. በ1951 የጥገና መጽሔት በኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል በሚተረክ ጽሑፍ) ማውጣት ጀመረ፤ የሥዕል ሥራውን ለብዙ ዓመት የመራው ሠዓሊ ዊል አይስነር ነው። በቬትናም ኤም 16 ጠመንጃ ቀለሁ ውስጡ እየተቀረቀረ ሲያስቸግር፣ አጸዳዱን የሚያሳይ ትንሽ ኮሚክ ለወታደሩ ታደለ፣ እና እውነቱን ለመናገር ጭቃ ውስጥ ለተቀመጠ ለጋ ልጅ ከዚህ የተሻለ ነገር አይታየኝም።

ደረቁስ? የብሎን ማጥበቂያ ልክና የመለዋወጫ ቁጥር ስትፈልግ የሚያዋጣው እሱ ነው። ኮሚኩ እዚያ ላይ ወረቀት ይፈጃል። ደግሞ የያኔዎቹ ሥዕሎች ሴትን ማባበያ ማድረጋቸው (ዛሬ ሲታይ) ያሳፍራል።

አቦ፣ ድሬ ጋራዥ ለሚገባ ጀማሪ ግን በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ እንዴት እንደሚጸዳ ኮሚኩን ነው የምሰጠው።