ያገለገለ ጂኤች5፦ ለጣና ዳር ፊልም ሠሪ

ባሕር ዳር ውስጥ በትንሽ በጀት አጭር ፊልም ወይም ዘጋቢ ፊልም ሊሠራ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ከሠርግ ቪዲዮ አንሺዎች እጅ የወጣ ካኖን ካሜራ ነው። ለፎቶ እንከን አይወጣለትም። ለፊልም ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፓናሶኒክ ጂኤች5 ካሜራ፣ ያገለገለው፣ ይሻላል።

ምክንያቱ ጣና ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ይታያል። 8 ቢት ካሜራ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 እርከን ብቻ ስላለው፣ ኤዲቲንግ ላይ ቀለሙን ትንሽ ሲነኩት ሰማዩ እንደ ጥለት መስመር በመስመር ይሆናል። ጂኤች5 በ4ኬ በሰከንድ እስከ 30 ፍሬም ድረስ በ10 ቢት፣ ማለትም በ1,024 እርከን፣ ካርዱ ላይ ይቀዳል። 60 ፍሬም ላይ ወደ 8 ቢት ይወርዳል፤ ስሎው ሞሽን የሚያበዛ ይህን ይወቅ።

ካኖን ኤም50 በ4ኬ ምስሉን አጥብቦ ይቆርጣል፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም የለውም። ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 ፎከሱ ግሩም ነው፣ ግን 8 ቢት ነው፤ ቦዲው ውስጥም የእጅ ንቅናቄን የሚቀንስ ማረጋጊያ የለውም። የብላክማጂክ ፖኬት 4ኬ ምስል ከሁሉም ይበልጣል። ባትሪው ግን አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ዘጌ ሄዶ ለሚውል ሰው ይህ ራስ ምታት ነው።

የጂኤች5 ትልቁ ጉድለት አውቶፎከሱ ነው። ቪዲዮ ላይ ከበስተጀርባ ያለውን ነገር እያደበዘዘና እያጠራ ይዋልላል። አጥፍቶ በእጅ መሥራት፣ ስክሪኑ ላይ ፒኪንግ (የጠራውን ነገር ጠርዝ በቀለም የሚያሳይ) ማብራት። ሁለተኛው ጨለማ ነው፤ ከአይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 በላይ ጥላው ውስጥ ነጠብጣብ ይበዛል። የዘጌዋን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የግድግዳ ሥዕሎች በመስኮት ብርሃን ብቻ ለመቅረጽ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ኤፍ1.7 ሌንስ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ብርሃኑ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ሜኑው ውስጥ ሲስተም ፍሪኩዌንሲን 50 ላይ አድርጎ፣ ካሜራውን አጥፍቶ አብርቶ፣ በ25 ፍሬምና በ1/50 ሰከንድ ሻተር መሥራት ነው። በ1/60 ከተሠራ የካፌው አምፖል ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ሊጥል ይችላል። ውጭ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል። እኩለ ቀን ላይ በአይኤስኦ 200 እና በ1/50 ትክክለኛው ብርሃን የሚገኘው የሌንሱ ቀዳዳ እጅግ ጠብቦ ኤፍ32 ላይ ሲደርስ ነው፤ አብዛኛው ሌንስ እዚያ አይደርስም። ብርሃን የሚቀንሰው ኤንዲ 64 ፊልተር (ጥቁር መስታወት) ስድስት ስቶፕ፣ ማለትም ስድስት ጊዜ በግማሽ፣ ቀንሶ ኤፍ4 ላይ ያሠራል። ጨለማነቱ በመዞር የሚቀያየረው ርካሽ ኤንዲ ጫፉ ላይ ሲደርስ ምስሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ይጥላል፤ የውኃውንም ነጸብራቅ በዞረ ቁጥር ይቀያይረዋል።

ሞተር ጀልባ ላይ ስታንድ አይተከል፤ የሞተሩ ንዝረት በእግሮቹ ወጥቶ ምስሉን ያርገበግበዋል። ክርንን ከጎን አስጠግቶ በእጅ መያዝ፣ የቀረውን ለካሜራው ማረጋጊያ መተው ነው። ማይኩ ፀጉራም የነፋስ መከላከያ ካልለበሰ የሐይቁ ነፋስ ንግግሩን ይበላዋል።

ካርድ ላይ ገንዘብ አይቆጠብ። 10 ቢቱ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ስለሚጽፍ፣ በደቂቃም ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሚበላ፣ 64 ጊጋ ካርድ አንድ ሰዓት አይሞላም። ቪ30 (የካርዱ የመጻፍ ፍጥነት ምልክት) የተጻፈበት ይበቃል፤ በሰከንድ 400 ሜጋቢት ለሚፈልግ ቪ60። ሐሰተኛ ካርድ ላዩ ላይ 128 ተጽፎበት ውስጡ 16 ሊሆን ስለሚችል፣ ቀረጻ ሳይጀመር ኮምፒውተር ላይ እስኪሞላ ጽፎ መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሲገዛ፣ ጠፍቶ ሳለ ቢነቀነቅ ውስጡ ኳ ኳ ይላል፤ ሴንሰሩ ተንሳፋፊ ስለሆነ ነው፣ ብልሽት አይደለም። በርቶ እያለ ከቀጠለ ግን ይተው። ሌንሱን ከድኖ በአይኤስኦ 3200 ግማሽ ደቂቃ መቅዳት፣ ከዚያ ጨለማው ውስጥ የሚያበራ ነጥብ (የሴንሰር ብልሽት) መፈለግ። መሰኪያው ላልቶ እንደሆነ ለማየት የኤችዲኤምአይ ገመድ ሰክቶ ማወዛወዝም አይረሳ። በዩኤስቢ ቻርጅ ስለማያደርግ የራሱ ቻርጀር አብሮ መኖሩን ማየት፤ ከሌለ ዋጋው ይቀነስ።