ለድርጅትዎ ጽሑፍ አንባቢ ፍለጋ፦ የፌስቡክ ቡስት፣ የቴሌግራም ማስታወቂያ ወይስ ጉግል?

ድረ ገጽ ያሠሩ ነጋዴ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጽሑፍ ማውጣት ጀምረናል፤ የሚያነበው ግን የለም። ገንዘቡን የት እናውጣ?» ለየሰው መልስ መስጠት ስለሰለቸኝ እዚህ ላስቀምጠው። ሚዛኔ ወዴት እንደሚያጋድልም ከወዲሁ ልናገር። ሰዎች ራሳቸው ጉግል ላይ ፈልገው የሚያገኙትን የአማርኛ ጽሑፍ በራስ ድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። ቴሌግራም ሁለተኛ ነው፤ እሱም ቻናሉ የራስ ሲሆን። የፌስቡክ ቡስት፣ ማለትም ከፍሎ ልጥፍን ለብዙ ሰው ማሳየት፣ ለሌላ ሥራ ይጠቅም ይሆናል፤ ለጽሑፍ አንባቢ ማምጫነት ግን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። የምሠራው የሶላርና የውኃ ፓምፕ ዕቃ ከሚሸጥ ድርጅት ጋር በመሆኑ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው።

ፌስቡክ

ለቡስት በቀን 5 ዶላር ሲባል ትንሽ ይመስላል። በወር 150 ዶላር ነው። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 8,550 ብር ይሆን ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ ዶላሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ 15,000 ብር ይደርሳል። አብዛኛው አነስተኛ ነጋዴ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የለውም። ስለዚህ በካርዳቸው ወደሚከፍሉለት ሰዎች ይሄዳል። እነርሱ የራሳቸው የዶላር ዋጋ አላቸው፤ የአገልግሎት ብለው የሚጨምሩት አለ፤ አንዳንዱም ሁሉንም ጠቅልሎ «ይህን ያህል ሺህ ሰው እናደርስልዎታለን» ይላል። ከመስማማትዎ በፊት «አንዱን ዶላር በስንት ብር ታስበዋለህ?» ብለው ይጠይቁ። ሥራው ሲያልቅም ፌስቡክ ከካርዱ ላይ የቆረጠውን ገንዘብ የሚያሳየውን ደረሰኝ ይቀበሉ። ደረሰኙን ማሳየት ያልፈለገ ሰው ከሰጡት ገንዘብ ምን ያህሉ ፌስቡክ ዘንድ እንደደረሰ እንዲያውቁ አልፈለገም ማለት ነው።

ዋጋው ይሁን እንበል። የተገዛውስ ምንድን ነው? ከልጥፉ ሥር ያለውን የቡስት ቁልፍ ዝም ብለው ሲጫኑት ፌስቡክ ብዙውን ጊዜ የሚፈልግልዎ ላይክ የሚያደርግና አስተያየት የሚጽፍ ሰው ነው። ይህ ሰው ፎቶውን አይቶ፣ አውራ ጣቱን ተጭኖ ያልፋል፤ ጽሑፉን ለመክፈት አልመጣም። ወደ ድረ ገጽ የሚወስድ ዓላማ ቢመርጡም ሌላ ወጥመድ አለ፤ ሊንኩን በነካና ገጹ በተከፈተለት ሰው መካከል ልዩነት አለ። ኔትወርኩ ሲያዘግም ሰው ነክቶ፣ ጥቂት ጠብቆ፣ ሰልችቶት ይመለሳል። እርስዎ ግን ለነካበት ከፍለዋል። የግድ ፌስቡክ ላይ የሚከፍሉ ከሆነ ማስታወቂያውን የሚያዘጋጅልዎ ሰው ሁለተኛውን ቁጥር፣ ማለትም ገጹ የተከፈተላቸውን ሰዎች ብዛት፣ እንዲያስመዘግብ ያድርጉ። ለዚህ የፌስቡክን የመከታተያ ኮድ በድረ ገጽዎ ላይ መትከል ያስፈልጋል፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ክፍያው ባለቀ ማግስት አንባቢውም ያልቃል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 የወዳጅና የቤተሰብ ልጥፎች ከድርጅት ገጾች እንዲቀድሙ ካደረገ በኋላ፣ 20,000 ተከታይ አለኝ የሚል ድርጅት ሳይከፍል ከእነዚያ ውስጥ ለብዙዎቹ አይታይም። ላይክ የሚሸጡትን ሰዎች እዚህ አላነሳቸውም፤ የሚሸጡት ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ አያነብም፤ ፓምፕም አይገዛም።

ቴሌግራም

የቴሌግራም ኩባንያ ራሱ የሚሸጠውን፣ በትልልቅ ቻናሎች ላይ የሚታየውን ባለ 160 ፊደል ማስታወቂያ ለአነስተኛ ድርጅት አልመክረውም። ሰው የሚጠይቀኝም ስለ ሌላው ነው፤ ብዙ ተከታይ ላለው ቻናል ባለቤት ከፍሎ ጽሑፉን ስለማስለጠፍ።

እዚህ ላይ የሐሰተኛው ዕቃ ብዛት ያስደነግጣል። የቻናሉን ተከታዮች ብዛት አይመልከቱ። ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር ከዓይን ምልክቱ አጠገብ ያለውን ቁጥር ይመልከቱ። 60,000 ተከታይ ያለው ቻናል ልጥፉን 700 ሰው ብቻ ካየው፣ ቀሪው የተገዛ ወይም የቻናሉን ድምፅ አጥፍቶ የረሳ ነው። እይታም ይገዛል፤ ስለዚህ የትናንቱን ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ ሄደው የወር ልጥፎችን ያስተያዩ። የሟቾች ማስታወቂያም፣ የስልክ ሽያጭም፣ የኳስ ውጤትም እኩል 5,000 ጊዜ ከታየ አንድ ነገር አለ፤ የሰው ፍላጎት እንደዚያ አይስተካከልም።

ለራስዎ ቻናል ተከታይ ለማምጣት የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ ቴሌግራም ያለ ክፍያ የሚሰጠው መፍትሔ አለ። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የተለየ የመግቢያ ሊንክ ይፍጠሩ፤ በየትኛው ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ቻናሉ ራሱ ይነግርዎታል። ይህን እንደማደርግ አስቀድሜ ስነግራቸው ዋጋቸውን ዝቅ ያደረጉ የቻናል ባለቤቶች አሉ፤ ስልክ ማንሳት ያቆመም አለ። የውሉ ቃልም ይጻፍ፤ ልጥፉ 24 ሰዓት ይቆያል፣ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሌላ ነገር አይለጠፍበትም ተብሎ። አለበለዚያ የእርስዎን በለጠፈ በአምስተኛው ደቂቃ ሦስት ማስታወቂያ ይደርብበታል።

ጥሩ ቻናል ተገኝቶም ቢሆን የሚመጣው አንባቢ እንደ ክረምት ደራሽ ውኃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ያስፈራል፤ በማግስቱ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል። የራስዎ ቻናል ግን ሌላ ነገር ነው። ምንም አይከፈልበትም፤ አንዴ የገዛዎ ሰው እዚያ ይቆያል፤ አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያነቡት እነዚህ ናቸው። ደረሰኝ ላይና ሱቁ በር ላይ የቻናሉን ስም ማተም ከየትኛውም የቻናል ማስታወቂያ የረከሰ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን አይርሱ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር ውስጥ ተገድበው ነበር። ወራት ነው! ቪፒኤን የሌለው ደንበኛ ከድርጅቶች ጋር በአንድ ቀን ተቆራረጠ። ሙሉ ኢንተርኔት ሲዘጋ ማንም አያመልጥም፤ በእነዚያ ወራት ግን በራሱ አድራሻ የተቀመጠ ድረ ገጽ ይከፈት ነበር። ንብረቴን ሁሉ በሰው ግቢ አላስቀምጥም የምለው ለዚህ ነው።

ጉግል

ድክመቱን አስቀድሜ ልናገር፤ ይዘገያል። አዲስ ድረ ገጽ ላይ የወጣ ጽሑፍ ሰው በብዛት እስኪያገኘው ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለበዓል ቅናሽ የሚቸኩል ሰው ይህን አይጠብቅም፤ ቡስቱን ይክፈል።

ወጪው ግን ይህን ይመስላል። የ.ኮም አድራሻ በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ነው፤ ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው ከ2,250 ብር አይበልጥም። ድረ ገጽ የሚሠራበት ዎርድፕሬስ ፕሮግራሙ ነጻ ነው፤ የሚከፈለው ድረ ገጹ ለሚቀመጥበት ሰርቨር ነው። እሱንም የማይችል በጉግሉ ብሎገር ያለ ምንም የሰርቨር ክፍያ መጀመርና የራሱን አድራሻ ማስገባት ይችላል። ሰዎች በምን ቃል ፈልገው እንደመጡ የሚያሳየው የጉግል ሰርች ኮንሶልም አይከፈልበትም። ዋናው ወጪ ጽሑፉ ነው። አንድን ጽሑፍ 4,000 ብር ከፍለው አጻፉ፤ በቀን አሥር ሰው ብቻ አገኘው እንበል። በዓመት 3,650 አንባቢ ነው፤ ለአንዱ አንድ ብር ከአሥር ሳንቲም ገደማ። በሁለተኛው ዓመት ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። ፌስቡክ ላይ ሁለተኛው ዓመት እንደገና 15,000 ብር በወር ነው።

ምን ይጻፍ? ሱቅ ውስጥ ሰው ቆሞ የሚጠይቀው። «ለሦስት አምፖል፣ ለአንድ ቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጅ ስንት ዋት ሶላር ይበቃል?» «የጉድጓዴ ውኃ ያለው 12 ሜትር ታች ነው፤ ርካሹ ፓምፕ አይስብም?» ለዚህ ለሁለተኛው መልሱ አይስብም ነው። ርካሹ፣ ከጉድጓዱ ውጭ የሚቀመጠው ፓምፕ ባሕር ጠረፍ ላይ እንኳ በተግባር ውኃ የሚስበው ከ7 ወይም ከ8 ሜትር ጥልቀት ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ከዚያም ያነሰ ነው። ውኃ ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ ያስፈልጋል። ይህን የሚያስረዳ ጽሑፍ ያነበበ ሰው የተሳሳተውን ፓምፕ ገዝቶ ከመመለስ ስለዳነ ይደውላል። ከእንግሊዝኛ በማሽን ተገልብጦ በ500 ብር የሚሸጠው ጽሑፍ የአዲስ አበባን ከፍታ አያውቅም። ሻጮቹ «አሥር ጽሑፍ በ5,000 ብር» ይላሉ። አንባቢው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳይደርስ ይወጣል፤ ለእኔ ግን የእርማቱ ሥራ ከአዲስ ጽሑፍ ይበልጥብኛል።

ዋጋ ይጻፉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ አንባቢን ያባርራል፤ ሰው ጉግል ላይ «የውኃ ፓምፕ ዋጋ» ብሎ የሚፈልገው ዋጋውን ለማወቅ ነው። የዛሬውን ዋጋ ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ ሲለወጥ ያንኑ ገጽ ያድሱት እንጂ አዲስ ገጽ አይክፈቱ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ አገር ቤት ቤት የሚያሠራ ሰውም በሌሊት የሚያነበው ይህንኑ ነው፤ ለአዲስ አበባ ተብሎ የተከፈለው ቡስት እሱ ዘንድ አይደርስም።

የአጻጻፉንም ነገር ልብ ይበሉ። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይፈልጋል፤ ሌላው «ጸሀይ»፤ ብዙው ደግሞ «ሶላር» ብቻ። ሰርች ኮንሶል የእርስዎ ሰዎች በየትኛው እንደሚመጡ ስለሚያሳይ፣ በርዕሱ ላይ ያንን ያድርጉት። ጽሑፉን ፎቶ ላይ ጽፎ መለጠፍ ይቅር፤ ፊደሉ በጽሑፍነት ካልገባ በፍለጋ መገኘቱን እርሱት። የቆየ ብሮሹር ካለዎትም ከመቅዳትዎ በፊት ፊደሉ ዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተር በአንድ ዓይነት የሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ መሆኑን ያረጋግጡ። አንድ ድርጅት ዓመታት ያጠራቀመውን የምርት መግለጫ ሲሰጠኝ በቀድሞ የፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ነበር፤ ድረ ገጹ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ነጥብ ዝርግፍ ሆነ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም አሮጌው ጽሑፍ ዛሬም በየቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ሁሉም እንደገና ተተየበ።

ጥገናው ላይ የሚወጣው ገንዘብ

ርካሽ ድረ ገጽ ሠሪ የሚያስከትለውን ወጪ ሰው አስቀድሞ አያሰላም። የማውቀው አንድ ሱቅ ድረ ገጹን በቅናሽ አሠራ፤ ሠሪው የሚሸጥን የዎርድፕሬስ ገጽታ (የድረ ገጹን መልክ የሚሰጥ ጥቅል) ገዝቶ ሳይሆን ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ ተሰብሮ የተለቀቀውን፣ አውርዶ ጫነበት። ከጊዜ በኋላ ጉግል ላይ የሱቁን ስም ሲፈልጉ ከስሙ ሥር የጃፓንኛ ጽሑፍ መጣ፤ ሊንኩን የነካው ሰው ሐሰተኛ የቦርሳና የሰዓት መሸጫ ላይ ያርፍ ነበር። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ አላወቀም፤ ምክንያቱም አድራሻውን በቀጥታ ጽፎ ሲገባ ድረ ገጹ ደህና ነበር። የማጽዳቱ ሥራ ፕሮግራሙን ከነተጨማሪዎቹ ከዋናው ምንጭ እንደገና መጫን፣ ማንም የማያውቃቸውን የአስተዳዳሪ ስሞች መሰረዝ፣ የይለፍ ቃሉን ሁሉ መለወጥና ጉግል ድረ ገጹን እንደገና እንዲያየው መጠየቅ ነው። ዋናውን ገጽታ በሕጋዊ መንገድ መግዛት ከዚህ ሥራ ዋጋ በእጅጉ ያንስ ነበር፤ ነጻ የሆኑትም ለአንድ ሱቅ ይበቃሉ።

የአድራሻው ባለቤትነት ከዚህም ይብሳል። ብዙ ሠሪዎች አድራሻውን በራሳቸው ስምና ኢሜይል ያስመዘግባሉ። ሰውየው ስልክ ቢቀይር ወይም ከአገር ቢወጣ የማደሻው ማስታወቂያ ለእሱ እንጂ ለእርስዎ አይመጣም። የ.ኮም አድራሻ ጊዜው ካለፈና ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፤ ያን ጊዜ ማስመለስ ከዓመታዊው ክፍያ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። እሱም ካለፈ ከአምስት ቀን በኋላ አድራሻው ለማንም ክፍት ነው፤ በጉግል ያጠራቀሙት አንባቢም አብሮት ይሄዳል።

በእጅዎ 20,000 ብር ካለ እንዲህ አደርገው ነበር። ከ2,000 ብር ትንሽ ከፍ የሚለውን ለአድራሻው፣ በራስዎ ኢሜይል። 12,000 ብሩን ለሦስት ጽሑፍ፤ ሁለቱ ዋጋ ላይ፣ አንዱ ብልሽትና ጥገና ላይ። የቀረውን ለሰርቨሩና ፎቶ ለሚያነሳ ሰው፤ ፎቶዎቹም ድረ ገጹ ላይ ሳይወጡ ከ200 ኪሎባይት በታች እንዲወርዱ ይደረግ፤ አንባቢዎ የሚከፍትዎ በሞባይል ዳታ ነው። ለቡስት የሚተርፍ ነገር የለም፤ ባይተርፍም ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሰርች ኮንሶል ላይ ያለው መስመር መሬት ለመሬት ቢሄድ አይደንግጡ፤ ያን ጊዜ ውስጥ የሚያነቡት የቴሌግራም ቻናልዎ ሰዎች ናቸው።