ለሳይክል ካቴና የቱን ልግዛ? የሞተር ዘይት፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ደብሊው ዲ ፎርቲ፣ የሳይክል ዘይት ወይስ ሰም

በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ከተሰራ ወዲህ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ መስቀል አደባባይ አካባቢ በሳይክል ስራ የሚሄድ ሰው ማየት በጣም ደስ ይላል፣ ግን አጠገባችሁ ሲያልፉ ስሙት፣ ካቴናው ወይ ደርቆ ይጮሃል ወይ ደሞ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሱሪ ያበላሻል። ሁለቱም ካቴና ይጨርሳሉ፣ ካቴና ደሞ ርካሽ አይደለም።

ዘይት የሚያስፈልገው ውስጥ ነው፣ ፒኑ (የካቴናውን ቁራጮች የሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ) እና ሮለሩ (በላዩ የሚዞረው ቀለበት) የሚፋተጉበት ቦታ። ውጪ ላይ የሚያብረቀርቀው አቧራ ከመያዝ ሌላ ስራ የለውም፣ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ወደ ውስጥ ሲገባ ፒኑን እየሞረደ ይበላዋል። ካቴና ረዘመ የሚባለው ብረቱ ተለጥጦ ሳይሆን ፒኖቹ ስለተበሉ ነው። ስለዚ የምትገዙትን በሶስት ነገር መዝኑት፣ ውስጥ ይገባል ወይ፣ አቧራ ይስባል ወይ፣ ዝናብ ይችላል ወይ።

ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ውስጡ ደቃቅ ብረትና ጥቀርሻ አለው፣ አሲድም አለው፣ ቆዳም ይጎዳል። አዲስ የሞተር ዘይት ግን ሌላ ነው፣ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ከታሸገው ትንሹን ብትገዙ አመት ሙሉ አያልቅም፣ ዝናብም በደንብ ይችላል። ችግሩ ወፍራም ስለሆነ አቧራ ይሰበስባል፣ በጠብታ አድርጋችሁ ውጪውን አጥብቃችሁ ካልጠረጋችሁ በሳምንቱ ጥቁር ነው። ግራሶ ለኩሽኔታ ነው፣ ካቴና ላይ ውስጥ ስለማይገባ እርሱት።

ደብሊው ዲ ፎርቲ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1953 ሳንዲያጎ ውስጥ ሲሰራ የታሰበው ውሃ እንዲያባርርና ዝገት እንዲከላከል ነው፣ አብዛኛው የሚተን ነገር ነው። ነፍታችሁት ድምፁ ወዲያው ይጠፋል፣ ግን የነበረውን ዘይትም አጥቦ ያወጣዋል፣ የሚቀረው ስስ ነገር ብዙ አይቆይም። ለማጽጃና ዝናብ የመታውን ለማድረቅ አሪፍ ነው፣ ከዛ በላዩ ላይ ዘይት ማድረግ ግዴታ ነው። ዲስክ ፍሬን ካላችሁ ደሞ ስትነፉ ዲስኩን በጨርቅ ሸፍኑት፣ አንዴ ከነካው ቸርችልን ስትወርዱ ፍሬን አይይዝላችሁም።

የስፌት መኪና ዘይት ለእኔ በርካሹ ሰፈር አንደኛ ነው። ቀጭን ስለሆነ ቀጥ ብሎ ውስጥ ይገባል፣ ብዙም አያጠቁርም፣ መርካቶ የስፌት መኪና እቃ ከሚሸጡት ጋ ታገኙታላችሁ። ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ከመታው በቃ የለም፣ ስለዚ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ለመጨመር ለማይሰለች ሰው ነው።

ለሳይክል ተብሎ የተሰራው ዘይት ወደድ ይላል፣ ሁሌም አይገኝም፣ ብዙ ሰው ከውጭ ነው የሚያስመጣው። ሁለት አይነት ነው፣ የእርጥብና የደረቅ። የእርጥቡ ለክረምት ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጎርፍና ጭቃ ይችላል፣ በበጋ ግን አቧራ ይጋግራል። የደረቁ ሰም ወይም ሌላ ማለስለሻ በሚተን ፈሳሽ ውስጥ ነው ያለው፣ በደንብ ነቅንቁት፣ ማታ አድርጋችሁ እስከ ጠዋት ይድረቅ፣ አድርጎ ወዲያው መንዳት ብክነት ነው። አንድ ብቻ ልግዛ ካላችሁ የእርጥቡን ግዙና በበጋ ቀነስ አድርጉ።

ሰም ከሁሉም ንጹህ ነው፣ ካቴናውን በእጃችሁ ብትነኩት አያቆሽሽም፣ ግን ስራ አለው። ካቴናው ወልቆ አንድም ቅባት እስከማይቀርበት መታጠብ አለበት፣ ኩዊክ ሊንክ፣ ማለትም ካቴናውን ለመፍታት የሚወልቅ መገጣጠሚያ፣ ከሌለው አትጀምሩት። ፓራፊኑን፣ ሽቶና ቀለም የሌለበትን፣ በጣሳ አድርጋችሁ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ በቀጥታ ምድጃ ላይ በፍጹም፣ ይቃጠላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሰሙን ለማቅለጥ ይበቃል፣ አደገኛ ሙቀት ላይም አይደርስም። ካቴናውን ከታችሁ አረፋው እስኪያቆም ነቅንቁት፣ አረፋው ከፒኖቹ ውስጥ የሚወጣ አየር ነው፣ ቆመ ማለት ሰሙ ገባ ማለት ነው። ክረምት ላይ ግን አልመክርም፣ ዝናብ ሲበዛበት ቶሎ ይዝጋል።

ማጽጃውን በተመለከተ ቤንዚን አትጠቀሙ፣ ትነቱ ከሩቅ እሳት ይስባል፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ። ናፍጣ ያጸዳል ግን ቅባቱና ሽታው አይለቅም። ነጭ ጋዝ ነው ጥሩው፣ እሱም ቢሆን ከእሳት ርቃችሁ በረንዳ ላይ። ግማሽ ሃይላንድ ውስጥ ካቴናውን ከታችሁ ወዝውዙት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ በላርጎ አጥባችሁ በደንብ ይድረቅ። ጋዙን ቱቦ ውስጥ አትድፉት፣ ከድናችሁ ስታስቀምጡት ቆሻሻው ከስር ይዘቅጣል፣ ላዩን ቀድታችሁ ደግማችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ዘይት ስታደርጉ ደሞ ከፋርማሲ አንድ ሲሪንጅ ግዙ፣ ያለ መርፌ፣ እያንዳንዱ ሮለር ላይ አንድ ጠብታ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ውጪውን በአሮጌ ካናቴራ ጥርግ።

አንድም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ግን ካቴናውን ለኩት። የብረት ሜትር ያዙ፣ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምራችሁ፣ የጀመራችሁበትን ሳትቆጥሩ፣ 24ኛው ፒን መሃል ድረስ፣ አዲስ ካቴና 30.48 ሴንቲሜትር ነው። የኋላው 11 ወይም 12 ማርሽ ከሆነ 30.63 ሲደርስ፣ ከ8 እስከ 10 ከሆነ 30.7 ሲደርስ፣ ማርሽ ከሌለው ደሞ 30.78 ሲደርስ ለዘይት የምታወጡትን ብር ለአዲስ ካቴና አድርጉት፣ አለዚያ የኋላውን ጥርስም አብሮ ይበላዋል።