ሁለቱም ቁምሳጥኖቼ «አረንጓዴ» ተብለው ነበር

የመጀመሪያውን ስገዛ ሻጩ «ይሄማ አረንጓዴ ነው፣ ለሕንፃ ሰርተፊኬት የሚሆን» አለኝ። አመንኩት። መኝታ ቤት ከገባ በኋላ ግን በሩን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔን ያቃጥለኝ ጀመር፤ ሁለት ወር ሙሉ ልብሴን ሳሎን ወንበር ላይ ከምሬ ኖርኩ።

ጥፋቱ የእንጨቱ ሳይሆን የሙጫው ነው። ኤምዲኤፍም ቺፕውድም ተፈጭቶ በሙጫ የተጨመቀ እንጨት ነው፤ የተለመደው ርካሽ ሙጫ ደግሞ ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ቀስ እያለ ይፈርስና የፎርማልዲሃይድ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ያው ፎርማሊን የሚሠራበት ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ጎራ መድቦታል።

ተናድጄ ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። «ካርብ ፌዝ 2» ይላል። ውሸት አይደለም፣ ካሊፎርኒያ ለዚህ ጋዝ ልቀት ያወጣችው ገደብ ነው፦ ለኤምዲኤፍ ከሚሊዮን 0.11 እጅ፣ ለቺፕውድ 0.09፣ ለኮምፔንሳቶ 0.05። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የአሜሪካ ፌደራል መንግሥትም እነዚህኑ ቁጥሮች በመላ አገሪቱ አስገዳጅ አድርጓቸዋል። እንግዲህ ሕግ ያስገደደውን አሟልቶ «አረንጓዴ ነኝ» ማለት መኪናዬ ፍሬን አላት ብሎ እንደ መኩራራት ነው።

ሊድ የሚባለው የአረንጓዴ ሕንፃ ሰርተፊኬት በ4ኛው እትሙ ለእንዲህ ያለ እንጨት ነጥብ የሚሰጠው ከዚያ አለፍ ሲል ነው። ወይ ሙጫው ጭራሽ ፎርማልዲሃይድ ያልተጨመረበት መሆን አለበት፣ «ናፍ» የሚሉት ይሄን ነው፤ ወይ ደግሞ ልቀቱ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ፣ «ዩሌፍ» የሚባለው። ናፍ ለመባል ከፋብሪካው ምርመራዎች 90 በመቶው ከ0.04 መብለጥ የለባቸውም። ከ0.11 ጋር አስተያዩት። የኔ ሻጭ የሕጉን ገደብና የሊድን መስፈርት አንድ ላይ ቀቅሎ ነው ያበላኝ።

ሁለተኛውን ስገዛ ነቅቼ ነበር። «አረንጓዴ ነው» ሲለኝ «ናፍ ነው ዩሌፍ?» አልኩት፣ ወረቀቱን አሳየኝ አልኩት፤ ፊቱ ጠቆረ ግን አመጣ፣ ናፍ ነው። ይኸው ስድስት ወሩ ነው፣ ዓይኔ ሰላም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ሽታ ነበረው፣ እሱ ከቀለሙ ነው፤ ናፍ ስለ ሙጫው እንጂ ስለ ቀለሙ አይመሰክርም፣ እሱን ለብቻው መጠየቅ ነበረብኝ። መሳቢያዎቹም ሲከፈቱ ይንቋቋሉ፣ ለዚህ ሰርተፊኬት የለውም መሰለኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጋዙ በብዛት የሚወጣው በተቆረጠ ጠርዝ በኩል ነው። የመጀመሪያው ፊት ለፊቱ አምሮ ተለብጦ፣ የጀርባና የታች ጠርዞቹ ግን ራቁታቸውን ነበሩ። ስትገዙ እጃችሁን ከኋላ ሰዳችሁ ዳብሱት፣ ሻጩ ቢገላምጣችሁም ግዴለም።

ለመጀመሪያው ከ5 ኮከብ 2፣ ያውም በሮቹ ስለሚገጥሙ። ለሁለተኛው 4። የመጀመሪያውን ጠርዞቹን አስለብጬ ዕቃ ቤት አስገብቼዋለሁ፤ መጥረጊያውና ባልዲው እስካሁን ቅሬታ አላቀረቡም።